ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ክፍል፦ የአንዲት የሐዋሳ መምህርት የሥራ ማመልከቻ

ባለጉዳይዋ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። በ2008 ዓ.ም ክረምት በዲግሪ ተመረቀች። በመስከረም 2009 ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠረች። እዚያው ስድስት የትምህርት ዘመን ሠራች። ፒጂዲቲዋንም፣ ማለትም ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ዲፕሎማ፣ እያስተማረች በክረምት መርሐ ግብር ጨረሰች። በሰኔ 2014 የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ሥራ ለቀቀች። ሁለተኛው ተከተለ። በ2017 ክረምት ላይ «አሁንስ ወደ ክፍሌ ልመለስ» አለች።

ሐምሌን ሙሉ ማመልከቻ ስታዞር ከረመች። ካኪ ፖስታውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ፣ ከአንዱ ባጃጅ ወደ ሌላው እየተገለበጠች፣ ከአቶቴ እስከ ታቦር አዳረሰች። በር ላይ ጥበቃው ይቀበላል። «እንደውላለን» ይባላል። የሚደውል ግን ጠፋ።

እኔ ጋ የመጣችው ነሐሴ ሲገባ ነው። ለብዙ ዓመት በግል ትምህርት ቤት የሳይንስ ዲፓርትመንት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በየክረምቱ የአመልካቾችን ፖስታ ከሚከፍቱት አንዱ ነበርኩ። የአክስቷ ጎረቤት ነኝና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ምኑ ነው የጎደለው?» ብላ ፖስታውን ሰጠችኝ። ስሟንም የትምህርት ቤቶቹንም ስም አልጠቅስም። ነገሩ ሌሎች መምህራንን ይጠቅማል ብላ እንድጽፈው የፈቀደችው ግን ራሷ ናት።

ፖስታው ውስጥ የነበረው

አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ ሦስት ገጽ ሲቪ፣ ከዚያ የዲግሪ፣ የስቱደንት ኮፒ፣ የፒጂዲቲ፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። ሁሉም ፎቶ ኮፒ ነው።

ሲቪውን ያሠራችው መናኸሪያ አካባቢ ካለ ጽሕፈት ቤት ነው። እነዚህን ቤቶች የማያውቅ የለም። ፎርማቱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል። ያለፈው ደንበኛ ስም ይጠፋል፣ ያንቺ ይገባል፣ ይታተማል። የእሷ ሲቪ ላይ «የመንጃ ፈቃድ፦ የለም» የሚል መስመር ነበር። ከእሷ በፊት የተጻፈለት ሰው ሹፌር ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ፣ የትውልድ ቦታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ እና «የጤና ሁኔታ፦ ጤናማ» ይላል። ሁለተኛው ገጽ ስለ ባሕርይዋ ነው። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምትችል። በትርፍ ጊዜዋ ምን እንደምትወድ ሦስት መስመር ተጽፏል። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ የስድስት ዓመት ሥራዋ በአንድ መስመር ይገኛል፦ «2009–2014፣ መምህር»።

ይህን የሚያነበው ማን እንደሆነ ላስረዳ። በነሐሴ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፖስታዎቹን በትምህርት ዓይነት ትከምራቸዋለች። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ክምር እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ወፍራም ነበር። ኃላፊው ቁጭ ብሎ ያገላብጣል። ስለ ታታሪነት የተጻፈውን ማንም አያነበውም፤ ሁሉም ታታሪ ነዋ። የሚፈለገው ሌላ ነው። ስንተኛ ክፍል አስተምራለች? ክፍል ትይዛለች ወይ? ማስረጃዋ እርስ በርሱ ይጣጣማል? የጎደለኝን ክፍለ ጊዜ ትሸፍንልኛለች? የእሷ ፖስታ ከእነዚህ ለአንዱም መልስ አልነበረውም። አንዱን ደግሞ ጭራሽ አበላሽቶታል።

የዓመተ ምሕረቱ ጣጣ

ዲግሪዋ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ 2016 ይላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ በአማርኛ ነው፤ ከመስከረም 2009 እስከ ሰኔ 2014 ይላል። ጽሕፈት ቤቱ ሁለቱንም እንዳሉ ገልብጦ ሲቪው ላይ ደረደራቸው። የትኛው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር ምልክት የለም።

እንግዲህ በችኮላ የሚያገላብጥ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ሴትዮዋ በ2009 ማስተማር ጀመረች፣ በ2014 ለቀቀች፣ በ2016 ተመረቀች። ዲግሪውን ያገኘችው ሥራ ከለቀቀች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው! የሐሰተኛ ማስረጃ ወሬ በበዛበት ጊዜ እንዲህ ዓይነት ፋይል የያዘ ኃላፊ ስልክ ደውሎ አያጣራም። ወደ ጎን ያደርገዋል።

እውነቱ ቀላል ነው። የፈረንጆቹ ሐምሌ 2016 የእኛ ሐምሌ 2008 ነው፤ ልዩነቱ 8 ዓመት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ግን ልዩነቱ 7 ይሆናል፤ ስለዚህ መስከረም 2009 እዚያው የፈረንጆቹ 2016 ውስጥ ይወድቃል። ተመርቃ ሁለት ወር ሳይሞላት ሥራ ጀምራለች። ጥሩ ታሪክ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ገለበጠው።

ያደረግነው ሲቪውን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የማመልከቻ ደብዳቤውን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ነው። ሲቪው ላይ የሥራ ልምዱ መስመር አጠገብ የኢትዮጵያው ዓመት በቅንፍ ገባ፤ ከተያያዘው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጋር ለሚያመሳክር ሰው እንዲመች። የስሟ የእንግሊዝኛ ፊደላት ዲግሪው ላይና ፋይዳ መታወቂያዋ ላይ በአንድ ፊደል ይለያዩ ነበር። ሲቪው ላይ የዲግሪውን ተከተልን፣ ሌላ ነገር አልነካንም።

«እሱማ ለመሸፈን ነው»

ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጬ እሷን መጠየቅ ጀመርኩ።

«ምን ታስተምሪ ነበር?»

«ኬሚስትሪ።»

«ለስንተኛ ክፍል?»

«ከ7ኛ እስከ 10ኛ። የፊዚክስ መምህሩ ሲለቅ ደግሞ የ7ኛና የ8ኛን ፊዚክስ ሁለት ዓመት ይዣለሁ።»

«ታዲያ ይሄ የታለ?»

«እሱማ ጋሼ፣ ለመሸፈን ነው እንጂ የኔ ትምህርት አይደለም።»

ጨዋታው እየቀጠለ ሲሄድ ብዙ ነገር ወጣ። ትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ስለ አሲድና ቤዝ ስታስተምር ከርከዴ ቀቅላ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ ትገባ ነበር። አንዱ ብርጭቆ ላይ ሎሚ ትጨምራለች፤ ቀዩ ይደምቃል። ሌላው ላይ የአመድ ውሃ ታንጠባጥባለች፤ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሃምሳ ልጅ የሚጮኽበት ክፍል በዚያች ደቂቃ ጸጥ ይላል አለችኝ። አሲድና ቤዝ መለያው ሊትመስ ወረቀት የሌለው መምህር ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ሲዘጉ ደግሞ ትምህርቱን በድምፅ እየቀዳች ለወላጆች በቴሌግራም ትልክ ነበር። መልመጃ ታወጣለች፣ ልጆቹ የሠሩትን ደብተር ፎቶ አንስተው ይልካሉ፣ እሷ ታርማለች። ልጆቿን እያሳደገች በነበረባቸው ሦስት ዓመታትም የሰፈር የ8ኛ ክፍል ተፈታኞችን ቤቷ አስጠንታለች። ይሄኛውን ስትነግረኝ ራሱ «ሥራ አይባልም እንጂ» ብላ ነው የጀመረችው።

የተማሪዎቿን ውጤት ጠየቅኳት። ይህን የጠየቅኩት በምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ከወላጅ የሚሰማው ጥያቄ ስለ ውጤት ነው፤ ከመምህር የሚጠይቀውም እሱኑ ነው። እሷ «የ8ኛ ክፍል ልጆቼ ጥሩ ነበሩ» አለች። ማርክ ሊስት፣ ሮስተር፣ ምንም በእጇ የለም። እንግዲያው አልጻፍነውም። ማስረጃ የሌለው ፐርሰንት ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ ሲነሳ ይፈርሳል፤ ከእሱ ጋር የቀረውም እውነት አብሮ ይጠረጠራል።

ያለፈችው ማስታወቂያ

የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

በ2015 ዓ.ም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተጠቃለው ጄኔራል ሳይንስ ሆኑ። እሷ ሥራ የለቀቀችው ከዚያ በፊት በነበረው ሰኔ ነው። ለውጡን በወሬ ሰምታዋለች፤ የሥራ ፍለጋዋን እንደሚነካ ግን አላሰበችም። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ «የጄኔራል ሳይንስ መምህር/ት» የሚል ማስታወቂያ አይታ፣ «የኬሚስትሪ» የሚለውን ፍለጋ አልፋው ሄዳለች። አንዱን እንዲያውም ፎቶ አንስታዋለች፤ ለባዮሎጂ ጓደኛዋ ልትልክላት።

«ለምን አንቺስ አላመለከትሽም?»

«እኔ ኬሚስትሪ ነኛ!»

አሁን ከትምህርት ቤቱ ወንበር ሆናችሁ እዩት። ለጄኔራል ሳይንስ የሚያመለክተው ሰው ወይ ባዮሎጂ ነው፣ ወይ ኬሚስትሪ፣ ወይ ፊዚክስ። ሦስቱን አሟልቶ የሚመጣ የለም ማለት ይቻላል። ኃላፊው የሚፈራው ከመጽሐፉ አንድ ሦስተኛውን በደንብ አስተምሮ የቀረውን ነካ ነካ አድርጎ የሚያልፍ መምህር ነው። ኬሚስትሪ ተመርቃ ፊዚክስ ሁለት ዓመት የያዘች ሰው ይህን ፍርሃት በሁለት ሦስተኛ ታቃልልለታለች። ያንን «ለመሸፈን ነው» ብላ የጣለችውን ነገር ነው ኃላፊው የሚፈልገው።

የቀረው ባዮሎጂ ነው። የሁለቱን ክፍል መጻሕፍት በፒዲኤፍ ከቴሌግራም አወረደች። ልጆቹ ሲተኙ እያነበበች፣ ካንዱ የባዮሎጂ ምዕራፍ ላይ የአንድ ክፍለ ጊዜ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጀች። አንድ ገጽ ብቻ፤ ዓላማው፣ መግቢያው፣ ልጆቹ የሚሠሩት፣ መጨረሻ ላይ የሚጠየቁት ጥያቄ። ይህች ገጽ ፖስታው ውስጥ በ10ኛ ክፍል ውጤቷ ቦታ ገባች።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው

የድሮው ትምህርት ቤቷ የሰጣት ደብዳቤ «በመምህርነት አገልግለዋል» ብቻ ይላል። ትምህርቱም ክፍሉም የለም። እንደገና ይጻፍልኝ ብላ ስትሄድ ጸሐፊው «አንዴ ሰጥተናል» አላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 ግን አሠሪ፣ ሠራተኛው ሲለቅም ሆነ በጠየቀ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጹን ጠቅሳ በጽሑፍ አመለከተች፤ ሳትጣላ፣ ለርዕሰ መምህሩ በአክብሮት። በሚቀጥለው ሳምንት «ከ7ኛ–10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ፣ የ7ኛና 8ኛ ክፍል ፊዚክስ» የሚል ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዛ መጣች። በቃል ጠይቀው ለሚመላለሱ መምህራን የምለው፣ አንድ ጊዜ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ።

ደብዳቤው፣ ድሮና አሁን

የድሮው ማመልከቻዋ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና እንዲህ ይቀጥላል፦

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ አመልካች በኬሚስትሪ የትምህርት ዘርፍ በዲግሪ የተመረቅሁ ስለሆነ በመሥሪያ ቤታችሁ ባለው ክፍት የሥራ ቦታ ላይ ተወዳድሬ ለመሥራት ስለምፈልግ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ።»

ነውር የለበትም። ግን ለውሃ ልማትም ለባንክም ሊላክ ይችላል። ትምህርት ቤት የሚል ቃል እንኳ የለውም።

አዲሱ እንዲህ ሆነ፦

«በትምህርት ቤታችሁ በር ላይ በወጣው ማስታወቂያ ለ7ኛና 8ኛ ክፍል የጄኔራል ሳይንስ መምህር እንደምትፈልጉ አይቻለሁ። ኬሚስትሪ በዲግሪ ተመርቄ ፒጂዲቲ ወስጃለሁ። ከመስከረም 2009 እስከ ሰኔ 2014 ዓ.ም በሐዋሳ ከተማ በግል ትምህርት ቤት ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ፤ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ፊዚክስም ለሁለት ዓመት ደርቤ ይዣለሁ። ጄኔራል ሳይንስን ራሱን አላስተማርኩም፤ ሥራ ስለቅ ገና አልተጀመረም ነበር። የሁለቱንም ክፍል መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ከባዮሎጂ ክፍሉ ያዘጋጀሁትን አንድ የትምህርት ዕቅድ አያይዣለሁ።

ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አልነበረውም። አሲድና ቤዝን በከርከዴ፣ በሎሚና በአመድ ውሃ ክፍል ውስጥ አሳይ ነበር። በ2012 ዓ.ም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትምህርቱን በቴሌግራም ቀጥያለሁ።

ከ2014 ወዲህ ልጆቼን ሳሳድግ ቆይቻለሁ፤ በዚሁ ጊዜ የ8ኛ ክፍል ተፈታኞችን ቤቴ አስጠንቻለሁ። አሁን ሙሉ ቀን ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። የማሳያ ትምህርት እንድሰጥ በምትጠሩኝ ቀን እመጣለሁ። ከአክብሮት ሰላምታ ጋር።»

ሁለት ነገር ላይ ተከራከርን። አንደኛው ትህትናው ነው። «በትህትና እጠይቃለሁ» ከሌለ ድፍረት አይመስልም ወይ ብላ ተጨነቀች። እኔ አይመስልም ባይ ነኝ። አክብሮቱ በአነጋገሩ ውስጥ አለ፤ የመጨረሻው ሰላምታም ይበቃል። ሁለተኛው ስለ ልጆቿ የተጻፈው መስመር ነው። «ልጅ አላት፣ ትቀራለች ብለው ይተዉኛል» አለች። ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም፤ ወደኋላ እመጣበታለሁ። እኔ ግን የሦስት ዓመት ባዶ ቦታ ሲታይ ሰው የሚሞላው በባሰ ነገር ነው አልኩ፤ ተባራ ይሆን? ተጣልታ ይሆን? በመጨረሻ መስመሩ እንዳለ ተቀመጠ። «የጋብቻ ሁኔታ» እና «ሃይማኖት» ግን ከሲቪው ወጡ።

ደብዳቤው በአማርኛ፣ ሲቪው በእንግሊዝኛ ሆነ። ማስታወቂያው በአማርኛ ነው፣ ባለቤቱም የሚያነበው በአማርኛ ነው። ጄኔራል ሳይንሱ ግን እነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ኃላፊው እንግሊዝኛዋን ማየት ይፈልጋል። ሲቪው ሁለት ገጽ ሆነ። ምስክር ብላ ከጻፈቻቸው ሦስት ሰዎች የአንዱ ስልክ አይሠራም፤ ሌላው ስሙ እንደተጻፈ እንኳ አልተነገረውም ነበር። ደውላ ነገረቻቸው፣ ቁጥሩንም ቀየረች።

የተገኘው ውጤት

በአዲሱ ፖስታ ለጄኔራል ሳይንስ ማስታወቂያ ላወጡት ብቻ አመለከተች። በቴሌግራም ላኩ ላሉትም በስልክ የተነሳ ፎቶ ሳይሆን አንድ ፒዲኤፍ፣ በስሟና በትምህርቱ የተሰየመ። ሁለት ትምህርት ቤት ደወለ።

የመጀመሪያው ገና በስልክ «ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ማን ይይዝልሻል?» ብሎ ጠየቃት። መለሰች። «እንደውላለን» አሉ፤ አልደወሉም። የፈራችው አንድ ቦታ ላይ ደረሰ ማለት ነው። አሁንም መስመሩ አለመውጣቱ ትክክል ነበር እላለሁ፤ እሷ ግን እስካሁን አላመነችልኝም።

ሁለተኛው ለማሳያ ትምህርት ጠራት። በክረምት ማጠናከሪያ ላይ ያሉ የ7ኛ ክፍል ልጆች ፊት ሃያ ደቂቃ ተሰጣት። ርዕሱ ድብልቅ ነገሮችን መለየት ነው። ከቤቷ ጨው፣ አሸዋና ነጠላ ጨርቅ ይዛ ሄደች። ጨውና አሸዋውን ውሃ ውስጥ ደባለቀችና «አሸዋውን መልሱልኝ» ብላ ጨርቁን ለልጆቹ ሰጠች። ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደብተሩን አነሳ። አሸዋው ጨርቁ ላይ ሲቀር «ጨውስ የት ሄደ?» አለች። አንዱ ቀመሰና «እዚህ ነው!» አለ። ቀጥሎ ላብራቶሪ ውስጥ ምንም ነገር እንደማይቀመስ ነገረቻቸው። ኃላፊው ይህንን ነው የወደደላት፤ ስህተቱን እዚያው ወደ ትምህርት መለወጧን።

በኋላ በቢሮ «ይሄ የከርከዴ ነገር የምር ይሠራል?» ተባለች። ሻይ ክበብ ሎሚ ነበር፣ ከርከዴ ግን አልነበረም። በነጭ ሰሌዳ ላይ አስረዳቻቸው።

ቦታውን አገኘች፤ 7ኛ እና 8ኛ፣ አራት ክፍል። የሙከራ ጊዜው በአዋጁ እንዳለው ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ ነው። ውል ሲፈረም «ኦርጅናል ዲግሪሽ እኛ ጋ ይቀመጣል» አሏት። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ይህን ይጠይቃል፤ ብዙ መምህርም በሥራ ጉጉት አስረክቦ በኋላ ልልቀቅ ሲል ይቸገራል። ኦርጅናሉን አሳይታ ኮፒውን እንዲያመሳክሩ አደረገች፤ መያዣ ካስፈለገ ዋስ አመጣለሁ አለች። ተስማሙ፤ ወንድሟ ዋስ ሆነላት።

ደመወዙ ከጠበቀችው ያንሳል። ታላቁ ልጅ ግን እዚያው ኬጂ በግማሽ ክፍያ እንዲገባ ተነጋገሩ። ርዕሰ መምህሩ «ይሄ በቃል ይበቃል፣ ቲቸር» አላት። እሷ ውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠየቀች፤ ተጻፈ። ትንሹን እናቷ ትይዘዋለች።